በገመድ የታሰረው ዐይን፦ የጦር ቅኝት ፊኛ ለምን ከሰማይ ወረደ?



ባለፈው ሴሚስተር በፍሉይድ ሜካኒክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ተንሳፋፊነት ስንማር አንዱ ጓደኛችን «ይሄ የአርኪሜድስ ሕግ ለመርከብ ይሁን፤ ለአየር ምን ይጠቅማል? ፊኛ እንደሆነ የልጆች መጫወቻ ነው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ሌላው ደግሞ ፊኛ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስንት መድፍ ይመራ እንደነበር ነገረው። «ታዲያ ያን ያህል ከጠቀመ የት ገባ?» አለ የመጀመሪያው። ክርክሩ ከክፍል ወጥቶ ከዐስር ሰላት በኋላ መስጂዱ በር ድረስ ተከተለን። በመጨረሻ ቁጭ ብለን አነበብን፤ የወረቀት ሒሳብም ሠራን። ያገኘነውን እነሆ። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ግን «መጫወቻ» የሚለው ቃል የጓደኛችን ፈጠራ እንዳልሆነ እንንገራችሁ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይህን ፍርድ የሰጡት የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። ስማቸው እንደሚመሰክረው የዘር ሐረጋቸው ከእኛው ቀንድ፣ ከጀበርት ምድር የሚመዘዝ ነው፤ አባቶቻቸው በአል-አዝሀር የጀበርቲዎችን ሪዋቅ ይመሩ ነበር፤ ወላጅ አባታቸው ሸይኽ ሐሰንም በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ዓሊም ነበሩ። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ከወረረ በኋላ ፈረንሳዮቹ በካይሮ አዝበኪያ አደባባይ «በአየር የሚሄድ መርከብ» ሊያሳዩ ሕዝቡን ጠሩ። ሰው ያልተሳፈረበት ፊኛ ሽቅብ ወጣ፣ ጥቂት ተንሳፈፈ፣ ወደቀ። ሸይኹም ሰዎች ተሳፍረውበት ሩቅ አገር ይጓዙበታል የተባለውን ወሬ ሐሰት ሆኖ አገኙት፤ ነገሩንም አገልጋዮች ለበዓልና ለሠርግ ከሚያበሩት መጫወቻ ጋር አመሳሰሉት። የሒሳብ ሊቅ ልጅ ናቸውና በቀላሉ የሚደናገጡ አልነበሩም።

ለዚያ ቀን ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ያው የፈረንሳይ ጦር ከአራት ዓመት በፊት፣ ሰኔ 26 ቀን 1794፣ ፍሌሩስ በተባለው ውጊያ ላይ ሌላ ዓይነት ፊኛ ተጠቅሞ ነበር። ያኛው ወዲያ ወዲህ የሚንሳፈፍ ሳይሆን በገመድ ከመሬት የታሰረ ነበር፤ አንድ መኮንን ለብዙ ሰዓታት ከላይ ሆኖ የጠላትን እንቅስቃሴ እየተመለከተ መልእክት ወደ ታች ይልክ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸኛው ነው። ዋናው ነገር ፊኛው ሳይሆን ገመዱ ነው ብንል አላጋነንም፤ ያሳደገውም የገደለውም ገመዱ ነውና።

ሥራው እንዴት ነበር?

ትንሽ ቁጥር እንይ። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 1.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ያው መጠን ሃይድሮጅን 100 ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን ወደ 1.1 ኪሎ ግራም ያነሣል። 1,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ፊኛ ከአንድ ቶን ትንሽ የሚበልጥ ክብደት ይሸከማል ማለት ነው። ከዚያ ላይ የራሱ ጨርቅ፣ ቅርጫቱ፣ ሁለት ሰዎች፣ መነጽርና ካርታ፣ በተለይ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የብረት ገመድ ይቀነሳል። ብዙ አይተርፍም። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ፊኛው የሚያነሣው ሰውን ሳይሆን ገመዱን ይሆናል።

ክብ ፊኛ ነፋስ ሲነካው ይሽከረከራል፣ ይዘምማል፤ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሰው እንኳን መድፍ ሊያርም ሆዱን መያዝ ያቅተዋል። ጀርመኖቹ ፓርሴቫልና ሲግስፌልድ በ1890ዎቹ ፊኛውን እንደ ቋሊማ አርዝመው ነፋሱን ፊት ለፊት እንዲመለከት አደረጉት። በ1914 ደግሞ ፈረንሳዊው መሐንዲስ አልቤር ካኮ በኋላው በኩል ነፋስ ራሱ የሚሞላቸው ሦስት ክንፎች ገጠመለት፤ ፊኛው በኃይለኛ ነፋስ እንኳ ጸጥ ብሎ የሚቆም ሆነ። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች፣ ስሙ አዲስ አልሆነባችሁም አይደል? በአፈር ግፊት ትምህርት «ካኮና ኬሪዜል» የሚባለው ሠንጠረዥ ላይ ያለው ካኮ ራሱ ነው። ድልድይና ግድብ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው።

ከአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ አድማሱ በሒሳብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጭጋጉ፣ ጭሱና ኮረብታው ግን ያን ሁሉ አይሰጥም፤ በመነጽር አንድን የመድፍ ጭስ ከሌላው ለይቶ ማየት የሚቻለው ከዚያ እጅግ ባነሰ ርቀት ነው። ቢሆንም ምሽግ ውስጥ ከተቀመጠ መድፈኛ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሌላ ዓለም ነው። መድፈኛው ዒላማውን አያይም፤ የሚያይለት ላይ ያለው ሰው ነው።

በዚያ ዘመን አውሮፕላንም ነበረ። ታዲያ ፊኛው ለምን ተመረጠ? ብዙዎቻችን «አውሮፕላኑ ገና ደካማ ስለነበር» ብለን ገምተን ነበር። መልሱ ግን የስልክ ሽቦው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ የሚያርም አውሮፕላን ይዞት የሚበረው ሬዲዮ በአመዛኙ በሞርስ ምልክት መላክ እንጂ መቀበል አይችልም ነበር፤ ምድር ያሉት ደግሞ መልሳቸውን መሬት ላይ ጨርቅ በማንጠፍ ነበር የሚሰጡት። ከፊኛው ግን ከገመዱ ጋር የስልክ መስመር ይወርዳል። «ሁለት መቶ ሜትር አጠረ፣ ሃምሳ ወደ ቀኝ» ይላል ታዛቢው፤ መድፈኛው «አልሰማሁም፣ ድገመው» ሊለው ይችላል። ጥያቄና መልስ አለ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ያንኑ መሬት ስለሚያይ ትናንት ያልነበረች ቁጥቋጦ ዛሬ ብትበቅል ያውቃል። በዚያኛው የሽቦ ጫፍ መድፍ፣ ከመድፉ ባሻገር ደግሞ ሰው እንዳለ እያነበብን አልዘነጋንም።

ለዚህም ነው ፊኛ መጣል እንደ ትልቅ ጀብዱ የተቆጠረው። ዙሪያውን ጸረ አውሮፕላን መድፎችና መትረየሶች ይጠብቁታል፤ ከፍታው አስቀድሞ ይታወቃልና መድፎቹ በዚያው ልክ ተስተካክለው ይጠብቃሉ። አሜሪካዊው ፍራንክ ሉክ በመስከረም 1918 ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ 14 ፊኛዎችን አቃጥሎ በዚያው ወር ተገደለ፤ 21 ዓመቱ ነበር፣ የእኛው እኩያ። ቤልጄማዊው ቪሊ ኮፐንስ ከጣላቸው 37 ዒላማዎች አብዛኞቹ ፊኛዎች ነበሩ።

በቅርጫቱ ውስጥ ያሉትስ? አብዛኛው የአውሮፕላን አብራሪ ፓራሹት ባልነበረው ዘመን እነሱ ነበራቸው፤ ሃይድሮጅን ሲያዝ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥምና። አሜሪካዊው መቶ አለቃ ክሊዮ ሮስ መስከረም 26 ቀን 1918 ፊኛው በእሳት ሲያያዝ ጓደኛውን አስቀድሞ አዘለለ። እሱ ሲዘል የሚነድ የፊኛው ጨርቅ ፓራሹቱ ላይ ወደቀበትና ሞተ።

ሁለት መቶ ሰከንድ

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ ፊኛው ተሸናፊ አልነበረም፤ ሥራውን እየሠራ ነው ያበቃው። በሃያ ዓመት ውስጥ ግን ጡረታ ወጣ። ምን ተለወጠ?

ለፊኛ ትልቁ መከላከያ ወደ መሬት መውረድ ነው። ጠላት ሲታይ መኪና ላይ የተገጠመው ዊንች ገመዱን ይጠቀልላል። ለስሌት እንዲመቸን ፊኛው በአንድ ሺህ ሜትር ላይ ነው፣ ዊንቹም በሰከንድ አምስት ሜትር ይስባል እንበል። ለመውረድ ሁለት መቶ ሰከንድ ይፈጃል። በ1918 የነበረ ጥሩ ተዋጊ አውሮፕላን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ቢበር በሁለት መቶ ሰከንድ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በጠራ ቀን፣ ጠባቂዎቹ ንቁ ከሆኑ፣ ጠላት በዚህ ርቀት ላይ ሳለ ማስጠንቀቂያ ማግኘት ይቻላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ግን ተዋጊዎቹ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይበሩ ጀመር። በ550 ብናሰላው በዚያው ሁለት መቶ ሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ትንሽ አውሮፕላን በዐይን አይታይም። ሲታይ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

«ዊንቹን ማፍጠን ነዋ!» አለ ከመካከላችን የሜካኒካል ተማሪው። እሺ፣ እናፍጥነው። ያንኑ የ11 ኪሎ ሜትር ማስጠንቀቂያ ለመጠበቅ ፊኛው በ73 ሰከንድ ገደማ መውረድ አለበት፤ ይህም በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ነው። የአየር መጎተት ኃይል በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ፊኛውን ቁልቁል ስንስበው የሚገጥመን ተቃውሞ ከሰባት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ያን ጭነት ለመሸከም ገመዱ ይወፍራል፤ ገመዱ ሲወፍር ይከብዳል፤ ሲከብድ ፊኛው ትልቅ መሆን አለበት፤ ፊኛው ሲተልቅ ተቃውሞው እንደገና ይጨምራል። አንድ ንድፍ በራሱ ዙሪያ መሽከርከር ሲጀምር መሐንዲሱ ምን እንደሚያስብ የዲዛይን ፕሮጀክት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሌላው የታሰበው መድኃኒት ሂሊየም ነው። አይነድም፤ የማንሣት ኃይሉም ከሃይድሮጅን የሚያንሰው በሰባት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ችግሩ በዚያ ዘመን ሂሊየም በብዛት የነበራት አሜሪካ ብቻ መሆኗ ነው፤ በ1925 እና በ1927 በወጡ ሕጎች ምርቱንም ወደ ውጭ መላኩንም መንግሥቷ ተቆጣጠረው። ሒንደንበርግ የተባለችው የጀርመን አየር መርከብ ግንቦት 6 ቀን 1937 ተቃጥላ 36 ሰዎች ካለቁ በኋላ እንኳ ጀርመን ሂሊየም ለመግዛት ጠይቃ ተከልክላለች። ስለዚህ መድኃኒቱ ለአንድ አገር ብቻ ነበር። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ሂሊየም የፈታላቸው የእሳቱን ችግር ብቻ ነው። ጨርቁ ባይነድም ቅርጫቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከሂሊየም አልተሠሩም፤ ጥይት ይበሳቸዋል።

ሆኖም ፍጥነት ብቻውን ፊኛውን ገደለው ብለን ብንጨርስ ጓደኛችንን ባላሸነፍነው ነበር። እንዲያውም እዚህ ጋ ሐሳባችንን የቀየርነው እኛው ነን። ምክንያቱም ፊኛውን የተካው ፈጣን አውሮፕላን አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መድፈኞች ዐይን የሆነው ፓይፐር ከብ የተባለ ባለ 65 የፈረስ ጉልበት ሚጢጢ አውሮፕላን ነው፤ ከ1918ቱ ተዋጊ እንኳ ይዘገያል። ሰኔ 6 ቀን 1942 የአሜሪካ ጦር እነዚህን ትንንሽ አውሮፕላኖች ለራሱ ለመድፈኛው ክፍል ፈቀደ። በእንግሊዝም የመድፈኛ መኮንን የነበረው ቻርልስ ቤዝሊ ለተመሳሳይ ሐሳብ ለዓመታት ተሟግቷል። ታዲያ ዘገምተኛው ከብ እንዴት ተረፈ? ገመድ የለውማ! ከሣር ሜዳ ይነሣል፣ ዛፍ ለዛፍ ይበራል፣ ተዋጊ ሲመጣ ሸለቆ ውስጥ ይደበቃል፣ ማታ ከመድፎቹ ጋር ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳል። ፊኛው ግን ከሩቅ ይታያል፤ «ከሥሬ ዊንች፣ ከዊንቹ አጠገብ የጦር ክፍል አለ» እያለ የሚመሰክር ምልክት ነው።

ከብ በ1918 ቢኖር ኖሮስ? አይጠቅምም ነበር፤ ምክንያቱም ስልክ አልነበረውም። ለእኛ የክርክሩ ቁልፍ ይህ ሆኖ ታየን። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል በድምፅ የሚሠራ፣ ትንሽ አውሮፕላን የሚሸከመው፣ ግራና ቀኝ የሚያነጋግር ሬዲዮ መጣ። ሽቦው ለፊኛው የሰጠው ብልጫ በአየር ሞገድ ተተካ። ገመዱ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ነገር አልነበረም፤ የሚያስከፍለው ብቻ ቀረ። የኤሌክትሪካል ተማሪዎች በዚህ ክርክር እጅግ ኮርተው እንደነበር መደበቅ አይቻልም።

ከዚህ ጋር ጦርነቱ ራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ፊኛ ለዓመታት ንቅንቅ ላላለ ምሽግ የተሠራ ነው፤ ጋዝ የያዙ ሲሊንደሮች፣ ዊንች የጫነ መኪና፣ ጨርቁን የሚይዙ ብዙ ሰዎች ይፈልጋል። ከታንክ ጋር አይሮጥም። አሜሪካኖቹ በ1930ዎቹ ሞተር የተገጠመለትና ከገመዱ ተፈትቶ በራሱ ወደ አዲስ ቦታ የሚሄድ ፊኛ ሞክረዋል። በእኛ አስተያየት ያ ሙከራ ፊኛውን ከማዳን ይልቅ ትንሽ የአየር መርከብ ነው የፈጠረው፤ የሁለቱንም ጉድለት የያዘ።

የየአገሩ ዕጣ ተለያየ። ጀርመን በቬርሳይ ውል የጦር አየር ኃይል እንዳይኖራት ተከልክላ ነበርና ፊኛውም አብሮ ተመታ። ፈረንሳይ የካኮ አገር ናትና በቀላሉ አልለቀቀችውም፤ በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ ፊኛዎቿን ግንባር ላይ አወጣች፣ የጀርመን ተዋጊዎችም እየለቀሙ ጣሏቸው። ሶቪየቶች ግን በሌኒንግራድ ከበባ መድፍ ለመምራት ተጠቅመውበታል፤ ግንባሩ እዚያ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበርና የድሮው ሁኔታ ለጊዜው ተመለሰለት። እንግሊዝ ደግሞ ሰዎቹን ከቅርጫቱ አውጥታ ፊኛውን ለሌላ ሥራ አዋለችው። በ1938 የተቋቋመው የፊኛ ዕዝ የሰቀላቸው ፊኛዎች ተመልካች የላቸውም፤ ሥራቸው ገመዳቸውን አየር ላይ ዘርግተው ዝቅ ብሎ የሚመጣን ቦምብ ጣይ ማሰናከል ነው። በ1940 አጋማሽ ከ1,400 በላይ ነበሩ፤ ሲሦው ያህል ለንደን ላይ። ዐይኑ ጠፍቶ ገመዱ ብቻ ተረፈ ማለት ነው።

በእኛ ሰፈር በኩል

አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አልፈለግንም። የፊኛውን ታሪክ የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ከፈረንሳይ ተነሥተው ፈረንሳይ ላይ ይጨርሳሉ። ነገር ግን ፊኛው ከ1914 በፊት ቀይ ባሕር ዳርቻ ታይቷል። እንግሊዞች በ1885 ሱዳን ውስጥ ሰዋኪን ላይ ሰቅለውታል። ጣልያኖች ከዶጋሊ ሽንፈታቸው በኋላ በ1887 እና 88 ምፅዋ አካባቢ ይዘውት መጥተዋል፤ አፄ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ሰሐጢ ድረስ በወረዱበት ዘመቻ ማለት ነው። በ1911 እና 12 ደግሞ እነዚያው ጣልያኖች ሊቢያን ሲወሩ ትሪፖሊ አጠገብ መድፋቸውን በፊኛ መርተዋል፤ አውሮፕላንም ቦምብ የጣለው በዚያው ጦርነት ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ፊኛው የሚፈራው ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው ሕዝብ የሚያወርድበት መሣሪያ አልነበረውምና።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ግን እዚህም ቦታውን ለቀቀ። በጥር 1920 እንግሊዞች በሶማሌላንድ ከሰይድ ሙሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን ጋር ለሃያ ዓመት ያህል ሲዋጉ የቆዩትን ጦርነት ለመጨረስ ያመጡት 12 ዲ ኤች 9 አውሮፕላኖችን ነው። የሚያየውም የሚመታውም አንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በኢራቅም የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። ስለዚህ ፊኛው በአውሮፓ ሰማይ የወረደው ተዋጊ ስለበዛበት ሲሆን በእኛ በኩል ግን የወረደው አለቆቹ ከማየት ያለፈ ስለፈለጉ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ውድቀት አይመስሉንም።

«ታዲያ ጠፍቶ ቀረ?» ብሎ ለሚጠይቀን፣ አልቀረም። ከ2000 ወዲህ አሜሪካኖች በኢራቅና በአፍጋኒስታን ያንኑ በገመድ የታሰረ ፊኛ መልሰው ሰቅለውታል። በቅርጫት የተቀመጠ ሰው የለም፤ በምትኩ ሌሊትም ቀንም የሚያይ ካሜራ ተንጠልጥሏል፤ በገመዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወጣል፣ ምስል ይወርዳል። የገመዱ ጥቅም በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ ባትሪ አያልቅበትም፣ ለቀናት አይወርድም። ተዋጊ አውሮፕላን ደግሞ በዚያ ሰማይ ላይ አልነበረም። የካቡል ነዋሪዎች ለዓመታት ጧት ሲነሡ ከቤታቸው ጣሪያ በላይ ነጩን ፊኛ ያዩት ነበር።

ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «መጫወቻ ነው» የሚለውን ሰረዘ። «ግን ሸይኽ አል-ጀበርቲም አልተሳሳቱም» ብሎ ጨመረ። እኛም ተስማማን።